መንበርከኪያ

«ጉልበት» የምትባለዋን ቃል እናንተ በቀን ስንት ጊዜ ታነሷታላችሁ፣ ልጆቼ? ዳገት ስትወጡ «ወይ ጉልበቴ» ትላላችሁ፤ ሲደክማችሁ «ጉልበት የለኝም» ትላላችሁ፤ ቁም ሣጥን የሚገፋ ሲጠፋ «እስቲ ጉልበት ያለው ይምጣ» ትላላችሁ። አፍ ላይ የቀለለች ቃል ናት። የአጥር ጎረቤቴ ገነቴ ግን ከተዳረችበት ቀን ጀምሮ ይህችን ቃል ከአፏ አውጥታ አታውቅም ነበር።

ገነቴ ትውልዷ ዶዮገና ነው፤ ከምባታ ናት። ባሏ አናጢው ጠና ሆሳዕና አምጥቷት ጎጆ ወጡ፤ እኔም ባለቤቴ አቶ ሀብቴ ለአውራጃው ጸሐፊ ሆኖ ሲመደብ ከሰሜን ተከትዬው መጥቼ አጥር ለአጥር ገጠምን። የጠና አባት ጉቴቦ ይባሉ ነበር። በእነ ገነቴ ወግ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ መስሏችሁ? በስሙ መነሻ የሚነሳውን ቃል ሁሉ ትሸሻለች። አማቷ ጉቴቦ ከሆኑ «ጉ» ብሎ የሚጀምር ነገር በአፏ አይዞርም። በእሷም ቋንቋ ጉልበት በ«ጉ» ነው የሚነሳው። ስለዚህ ለሁሉም ሌላ ስም ታወጣለታለች። ጉም «የመሬት ጭስ» ነው፤ ጉንፋን «የአፍንጫው» ነው፤ ጉንዳን «ተሰላፊዋ» ናት። ጉልበት ደግሞ «መንበርከኪያ» ነበር።

«የኤሊያስ እናት፣ በከምባትኛው ይሁን ግድ የለም፤ በአማርኛ እንኳ ይለፍልሽ እንጂ» አልኳት አንድ ቀን።

«እትዬ ፋንታዬ፣ አማቼ አማርኛ አይሰሙም ነበር እንዴ?»

«ሰውየው እኮ ከሞቱ ቆዩ!»

«የሞተ ሰው ታዲያ የት ሄዶ?» አለችና ሳቀች። ያን ጊዜ ገና የምትስቅበት ዘመን ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤቷ አንድ በአንድ ጎደለ። መጀመሪያ ጠና ሞተ፤ ከማለዳ እስከ ማታ የምንሰማው የመጋዝ ድምፅ ከሰፈሩ ጠፋ። ልጇ ውቢት ሾኔ ተዳረች፤ በላይ በላዩ ወልዳ መምጫ አጣች። የሚጸልዩበትን ቤት መንግሥት አሸገው፤ እሑድ እሑድ በእሷ በኩል ይመጣ የነበረው መዝሙር ቀረ፤ ዘመዶቿም አብረው መታየት ፈርተው እግራቸውን አሳጠሩ። በመጨረሻ ብሔራዊ ውትድርናው መጣና የቤቱን አንድ ወንድ ልጅ ኤሊያስን ወሰደው። ወደ ሰሜን ሄደ ተባለ። ሌላ የተባለ ነገር የለም።

እንግዲህ ገነቴ ቀኝ እግሯን መታመም የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ያበጠው መገጣጠሚያ ልክ እንደ ዱባ ነበር፤ እግሯም ወደ ውጪ ቀስት ሆነ። ገበያ መውጣት ተወች፤ ውሃ የሚቀዳላት ሰው መለመን ጀመረች። እኔ የከፋት በዚያ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ቆጮ ልሰጣት በአጥሩ ቀዳዳ ብጠራት እያነከሰች መጥታ እንዲህ አለችኝ፦

«እትዬ፣ ገበያውስ ይቅር። መንበርከክ አቃተኝ። ለኤሊያስ ስጸልይ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ተቀምጬ ስጸልይ ከጎረቤት ጋር ወሬ የማወራ ይመስለኛል።»

«እግዜር ደግሞ መቀመጥሽን አይቶ ይቆጣል?»

«አይቆጣም። እኔ ነኝ የማፍረው። ልጅን የሚያህል ነገር እየለመንኩ ተቀምጬ?»

ሰማኋት፤ ግን እንዲሁ የሐዘን ንግግር ነው ብዬ አለፍኩት።

በዚያው በልግ ከአንዱ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጡ የአጥንት ሐኪም ሆሳዕና ድረስ ወርደው በሽተኛ ሊመርጡ ነው የሚል ወሬ መጣ። ያለቀውን መገጣጠሚያ አውጥተው ብረት ያስገባሉ፤ አዲስ አበባ ወስደው ነው፤ በነጻ ነው፤ የሚፈለገው ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ ብቻ ነው ተባለ። ገነቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ እንደ ልጃገረድ ፊት በራ። «አዲስ መንበርከኪያ!» አለች። እኔም ደግፌ ቀበሌ ወሰድኳት።

ሊቀ መንበሩ የአገሩ ልጅ ነው፤ ሀድያ ነው፤ ግን ያን ጊዜ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያስፈራል። ቀና ሳይል «ምን ሆነሻል፣ እናት?» አላት።

«መንበርከኪያዬ እምቢ አለኝ፣ ጌታዬ።»

«ምንሽ?»

«መንበርከኪያዬ። አስቸገረኝ። ካልተቀየረ አልድንም።»

ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ። «ሊቀ መንበሩ አስቸገረኝ፣ ይቀየር ነው የምትይው?»

 በር ላይ የቆመው ጥበቃ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። 

«ኧረ በስማም! መንበርከክ! መንበርከክ ነው ያልኩት!» አለች ገነቴ።

ይሄኛው ባሰ። «ጸሎት ቤታችሁ ታሽጎ የለም እንዴ? የት ነው የምትንበረከኪው?»

«ጓድ ሊቀ መንበር፣» አልኩ ቶሎ ገብቼ፣ «ጉልበቷን ማለቷ ነው። ጉልበቷን ታማለች። አማቷ ጉቴቦ ይባሉ ስለነበረ ቃሉን መጥራት አትችልም።»

ሰውየው እኔን አየ፣ እሷን አየ፤ ከዚያ ሳቅ ከሆዱ ፈንድቶ ወጣ። «አይ እናቶቻችን! የእኔዋም እናት እኮ ዕድሜ ልኳን ሳሙናን ‹አረፋ ድንጋይ› ስትል ነው የኖረችው። አያቴ ሳዴቦ ነበሩ።» እንባውን ጠረገ። «እኔ ግን ‹ጉልበት› ብዬ ነው የምጽፈው፤ አለዚያ አዲስ አበባ ያለው ሰውዬ እኔን ያስረኛል።» ማኅተሙን እፍ እፍ ብሎ መታላት።

እንዲህ ሆና መንበርከኪያ ተብላ የገባችው፣ ጉልበት ተብላ ወጣች። እኛም ደስ ብሎን ወደ ቤታችን ሄድን።

ሐኪም ቤት ያገኘናቸው ሐኪም ረጅም፣ ሽበታም፣ ዝግ ያሉ ሰው ነበሩ። በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ ነርሷ ሲስተር ሙሉነሽ ወደ አማርኛ ትመልሳለች። ገነቴ አልጋው ላይ ወጥታ «መንበርከኪያዬን አድሱልኝ» አለች። ሲስተር ወደ እኔ ዞረች፤ እኔም «ጉልበቷን» አልኩ፤ ሲስተርም ያንኑ ነገረቻቸው። እሳቸው መገጣጠሚያውን አጠፉት፣ ዘረጉት፤ ሲንቋቋ ለእኔም ተሰማኝ። ከዚያ ጭኗን በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንሺው» አሏት። እግሯን ቀጥ አድርጋ ከአልጋው ማንሳት አቃታት።

«የሚሉት እንዲህ ነው፣» አለች ሲስተር። «ብረቱን ማስገባት ይቻላል። ግን ብረቱን የሚሸከመው የጭን ጡንቻ ነው፤ ያንቺ ሟምቷል። እንዲህ ሆነሽ ቀዶ ሕክምና ቢያደርጉልሽ ከአልጋ አትነሺም። ክረምቱን ሙሉ እግርሽን ታጠነክሪያለሽ። ከመስቀል በኋላ ይመለሳሉ። ያን ጊዜ እግርሽን ቀጥ አድርገሽ አንስተሽ ማቆየት ከቻልሽ ይወስዱሻል። ካልቻልሽ ለሌላ ሰው ይሆናል።»

«በምን ነው የማጠነክረው? በመድኃኒት?»

«በስፖርት።»

ገነቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «እኔ? ስፖርት? ኳስ ልራገጥ?»

ሐኪሙ ሳይተረጎምላቸው ገብቷቸው ሳቁ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ከአልጋው አጠገብ ባለው ሌላ አልጋ ላይ ተጋደሙና እግራቸውን እያነሱ፣ ተረከዛቸውን እየሳቡ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ እያሉ አሳዩአት። ያን የሚያህል ትልቅ ሰው እንዲህ ሲሆን ሳይ እኔ ዓይኔን የምጥልበት አጣሁ።

በእኛ ግቢ ሰርቪሷን የተከራየ ዳኘ የሚባል የስፖርት መምህር ነበር፤ ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ ፊሽካው ካንገቱ የማይወርድ። ነገሩን ስነግረው «እማማ ገነቴን? ለወረዳው ውድድር አደርሳቸዋለሁ!» አለ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ በእሷ በኩል ያልፋል፤ እኔም እንዳልቀር ስፌቴን ይዤ እሄዳለሁ።

«ይጋደሙ፣ እማማ። ይሄን ጋቢ አጣጥፌ ከጉልበትዎ ሥር አደረግሁት። እዚያ ውስጥ ቁንጫ አለች። ወደ ታች ተጭነው ይጨፍልቋት!»

«ምስኪን፣ ምን አደረገችኝ?»

«ይጨፍልቋት እንጂ! ጉልበት ወደ ታች! ጉልበት! ጉልበት!»

ገነቴ ፊቷን በነጠላ ትሸፍናለች። መጀመሪያ ያመማት መስሎት ደነገጠ፤ ምክንያቱን ስነግረው ግንባሩን መታ። ከዚያ በኋላ ፊሽካውን ነፍቶ «መንበርከኪያ ወደ ታች!» ሲል፣ ከመንገድ የሚሰማ ሰው ምን ዓይነት ጉድ ነው ይል እንደነበር እግዜር ይወቀው።

እግሯ ላይ የሚታሰር ክብደት ሲያስፈልግ ዳኘ «አሸዋ በካልሲ ሞልተን ቁርጭምጭሚትዎ ላይ እናስራለን» አላት። ተነስታ ጓዳ ገባች፤ ቆየች፤ የኤሊያስን የኳስ ካልሲ ይዛ ወጣች። ቀይ ነው፤ ተረከዙ ላይ በነጭ ክር የተጠቀመ። ኳስ ሲጫወት የቀደደውን እሷ ነበረች የጠቀመችው። ዳኘ አሸዋውን ሲሞላ «ቀስ፣ እንዳይሰፋ» አለችው። እግሯ ላይ አስሮላት ቀና አለ። እሷም «ከባድ ነው» አለችና አነሳችው። ትንሽ ነው የተነሳው፤ ከጋቢው ለቀቅ ያለው።

ሐምሌ ሳይጋመስ መምህራንን ለሠፈራ ዘመቻ ሲመድቡ ዳኘ አንዱ ሆነ። ሊሰናበታት ሲገባ ፊሽካውን ካንገቱ አውልቆ ሰጣት። «ራስዎ እየነፉ ይሥሩ» አላት። አንድም ቀን አልነፋችውም። ከኤሊያስ ፎቶ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቀለችው።

እኔም በዚያ ሰሞን የሀብቴ ጨጓራ ተነስቶበት ከቤት መውጣት አልቻልኩም። ስለዚህ ያን ክረምት ገነቴ ብቻዋን ነበረች። ዝናቡ ጋብ ሲል በአጥሩ በኩል እሰማታለሁ፤ ተረከዟ መደቡ ላይ ሲሳብ፣ ሸርተት፣ ሸርተት ይላል። አንዳንዴ በከምባትኛ ታወራለች። ሰው የመጣባት መስሎኝ አንድ ቀን በቀዳዳው ባይ እግሯን ነበር የምታወራው። እየለመነችውም እየተቆጣችውም።

የወንበሩ ልምምድ ደግሞ ነበረ፤ እጅ ሳይደገፉ ቁጭ ብድግ ማለት ነው። ጠና በእጁ የሠራቸው ወንበሮች በቤቱ ዙሪያ ተደርድረዋል፤ አንዱ የራሱ፣ አንዱ የውቢት፣ አንዱ የኤሊያስ። እሷ በአንዱ ትንሽ ሠርታ ወደ ሌላው ትሄዳለች፤ ከዚያ ወደ ሌላው።

«ለምን አንዱ አይበቃሽም? ለምን ትንከራተቺያለሽ?» አልኳት።

«ወንበሮቹ ሰው እንዳይረሱ» አለችኝ።

 

ነሐሴ ላይ እግሯ መንገድ ለመደ። ሐኪሙ «መራመድም ልምምድ ነው» ብለው ስለነበር ዱላዋን ይዛ እስከ መናኸሪያ መሄድ ጀመረች። ለምን መናኸሪያ? ገበያው ይቀርባት ነበር። አውቶቡስ ሲገባ ዳር ላይ ቆማ የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ታያለች፤ ሰው ሲያልቅ ትመለሳለች። አንድ ቀን እኔም ጨው ልገዛ ወጥቼ አገኘኋት። የወታደር ካፖርት የለበሰ፣ አንድ እጁ የተጠቀለለ ልጅ ወረደ። ገነቴ ዱላዋን እስክትረሳ ድረስ ፈጥና ሄደችለት።

«ልጄ፣ ከሰሜን ነህ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ኤሊያስ ጠና የሚባል... ረዘም ያለ ነው፤ ጥርሱ ፍንጭት ነው።»

ልጁ አሰበ። እውነቱን ነው፣ ደግ ልጅ ነበር፤ ለማሰብ ጊዜ ሰጠ። «ብዙ ነን እኮ፣ እማማ» አላት።

«አዎ፣ ብዙ ናችሁ» አለች። እጁን ይዛ ሳመችው፤ የታሰረውን ሳይሆን ደህናውን። ከዚያ እኔ ዱላዋን አቀብያት አብረን ተመለስን።  ቤቷ ስንደርስ፣ «ሳልይዘው እንደሮጥኩ አየሽ?» አለችኝ ዱላውን እያሳየች። «መንበርከኪያው እየመጣ ነው።»

ሐኪሙ እንዳሉት ከመስቀል በኋላ ተመለሱ። ገነቴ ዶዮገና ለሠርግ የምትለብሰውን ቀሚሷን ለብሳ መጣች። አልጋው ላይ ወጣች። ሐኪሙ ጭኗን ዳሰሱ፤ ቅንድባቸው ከፍ አለ። «አንሺው» አሏት። አነሳችው። ቀጥ አድርጋ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ በቃ እስኪሏት ድረስ ይዛው ቆየች። እሳቸው አጨበጨቡ። ሲስተር ሙሉነሽም አጨበጨበች። እኔ ደግሞ እልል ልል ብዬ ሐኪም ቤት መሆኑ ትዝ አለኝና አፌን ያዝኩ።

«እንኳን ደስ አለሽ፣» አለች ሲስተር። «በሚቀጥለው ሳምንት መኪና ይመጣል። ሕመሙ ይጠፋል፤ ዱላ ትጥያለሽ፤ ገበያ ትሄጂያለሽ፤ ሾኔ ልጅሽ ድረስ ትሄጂያለሽ።» ሐኪሙ የሆነ ነገር ጨመሩ። «አዎ፣ አንድ ነገር አለ፤ ከብረቱ በኋላ መንበርከክ የለም። ብረቱ አይወድም። ከዚያ ሌላ ግን ሁሉ ነገር ይቻላል።»

ገነቴ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ ምን አለች?»

«መንበርከክ የለም ነው የምትልሽ።»

«መንበርከኪያው?»

«አዎ። አይታጠፍም እንደዚያ።»

 «መንበርከኪያ ሆኖ የማይንበረከክ?» አለች። «ታዲያ ምን ብዬ ልጠራው ነው?»

ሲስተር ሙሉነሽ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን አይታ ተወችው። እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኛ ሁላችን፣ እኔም ሊቀ መንበሩም ሲስተርም፣ ይህች ሴት የተናገረችውን ቃል ተቀብለን «ማለቷ ነው» እያልን በሌላ ስንለውጥባት ነው የከረምነው። እሷ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የፈለገችውን በስሙ ነበር የጠራችው።

ገነቴ ከአልጋው ወረደች። ሐኪሙ ሊደግፏት እጃቸውን ዘረጉ፤ በእጇ መለሰቻቸው። የአልጋውን ብረት ይዛ መጀመሪያ ደህናውን እግር አጠፈች። ከዚያ ያኛውን። ከንፈሯን ነክሳ ነበር፤ ላብ ከግንባሯ ወረደ፤ የመገጣጠሚያው ሲጢጥታ ተሰማ። ግን ወረደች። በሐኪም ቤቱ ሲሚንቶ ላይ ተንበረከከች። ብረቱን ለቀቀች፤ ሁለት እጇን አንድ ላይ አደረገች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።  ከዚያ፣ ልክ ዳኘ እንዳስተማራት፣ ደህናውን እግር ቀድማ ተከለች፣ የጭኗን ኃይል ሰበሰበች፣ ማንንም ሳትይዝ ተነሳች።

ሐኪሙ ለሲስተር የሆነ ነገር አሏት።

«ያምሻል ወይ ይላሉ።»

«ያማል በያቸው። ግን ይንበረከካል።»

«እየባሰ ይሄዳል ይላሉ። እሳቸው ደግሞ ከዚህ በኋላ አይመለሱም። ቦታሽ ለሌላ ሰው ይሰጣል። አስቢበት።»

«ይሰጥ» አለች ገነቴ።

እኔ ትዕግሥቴ አለቀ። «አንቺ ሴት! አብደሻል እንዴ? ክረምቱን ሙሉ የደከምሽው ለዚህ ነው? ገበያ በምን ልትሄጂ ነው? ውሃውን ማን ሊቀዳልሽ ነው? ሾኔ እንዴት ልትደርሺ ነው?»

«እትዬ፣» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅ እንደምታባብል፣ «ገበያ አንቺ አለሽልኝ። ውሃም ሰው አይጠፋም። ውቢትም ባል አላት። ለኤሊያስ የሚንበረከክ ግን ማን አለ?»

ሐኪሙ ይህ ተተርጉሞላቸው እንደሆነ አላውቅም። ወደ በሩ ስንወጣ ተነስተው ቆሙና አንገታቸውን ዝቅ አደረጉላት።

ቦታው ረሻድ ለሚባል፣ ጃጁራ ከተማ ለሚኖር ቆዳ ነጋዴ ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ ቆዳ ሊሸጥ ሆሳዕና ሲመጣ ሲስተር ሙሉነሽ ነግራው ኖሮ ቤቷን አፈላልጎ መጣ። ዱላ የለውም፤ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። አንድ ኪሎ ስኳር ይዞላት ገባ፤ እኔም ውሃዋን ይዤ ስገባ ደረስኩባቸው።

«እናቴ፣ በአንቺ ቦታ ነው የቆምኩት። አላህ ይስጥልኝ» አላት።

ገነቴ እግሩን አየችው፤ ሱሪውን ከፍ አድርጎ ጠባሳውን አሳያት። «እሰይ፣ እሰይ» አለች። ቀንታ እንዳይመስላችሁ፤ ከልቧ ነበር። ከዚያ ግን እንዲህ ስትል ጠየቀችው፦ «ስትሰግድስ? እንዴት ታደርጋለህ?»

«ወንበር ላይ ሆኜ ነው። አላህ ወንበር ላይም ያየኛል።»

«ያይሃል እንጂ» አለች። ስኳሩን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ልጆች አሉህ?»

«አምስት ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ።»

«እቤት ናቸው?»

«እቤት ናቸው።»

«አየህ፣» አለችው ሳቅ ብላ፣ «እቤት ናቸው።»

ረሻድ ገባው መሰለኝ። ሲሄድ በሩ ላይ ቆማ፣ እየተራመደ እስኪሰወር ድረስ አየችው።

ኤሊያስ መጣ ወይ ትሉኝ ይሆናል። በዚያ ዓመት አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። ሐኪሙ እንዳሉት እግሯ እየባሰ ሄደ፤ መናኸሪያም ቀረ። ልምምዱ ግን አልቀረም። ማለዳ ማለዳ ቀዩን ካልሲ እግሯ ላይ አስራ ታነሳለች፤ ተረከዟ ሲሸረተት በአጥሩ በኩል እሰማለሁ። ከዚያ ድምፁ ይቆማል። ተንበርክካለች ማለት ነው። ያኔ እኔ እጄ ላይ ያለውን ሥራ አስቀምጬ እቆማለሁ። ለመንበርከኩ አይደለም የምሰጋው፤ ለመነሳቱ ነው፤ የሚያነሳት ሰው በዚያ ቤት የለማ። የጠና ወንበር ሲጢጥ ሲል እስክሰማ፣ ይዛው ተነሳች እስክል ድረስ፣ ከአጥሩ ንቅንቅ አልልም ነበር።